የማንሻ ቀዳዳ

ሌላው ሰው የልጁን ፎቶ በሚልክበት ሞቅታ አጎቷ ሠርተው የጨረሱትን ብረት ፎቶ አንስተው ይልኩላታል። ማለዳ የተነሳው የዛሬው ፎቶ ስልኳ ላይ ሲገባ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ከሥሩ «እንዴት አየሽው?» ብለዋል።

እርሳስ ፈገግ ብላ ከፈተችው። እርሳስ የወጣላት ስም ነው። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ የንድፍ ክፍል ሠራተኛ ስለሆነች ነው የሚሉም አሉ። እሷ ግን ለሥራ ብላ እርሳስ ጨብጣ አታውቅም። ሥራዋ በኮምፒውተር የተሠራውን ሞዴል፣ ብረቱ ገና ሳይቆረጥ ስክሪን ላይ ተገላብጦ የሚታየውን ምስል፣ ወደ ወረቀት ማውረድ ነው። ታች ማሽን ላይ የቆሙት ሰዎች ሞዴሉን አያዩትም። የሚደርሳቸው ወረቀቱ ነው፤ ወረቀቱ ያለውን ይቆርጣሉ፣ ይበሳሉ፣ ይልጋሉ።

ፎቶው ላይ ያለው ለሳፋ ፋብሪካው ፕሬስ፣ ላሜራ ተጭኖ ሳፋ ለሚያወጣው ትልቅ ማሽን፣ የተሠራ የዘይት ማከፋፈያ ነው። የሻንጣ ያህል የሆነ ድፍን ብረት ነው፤ ሆዱ ውስጥ ግን ዘይት የሚመላለስባቸው ቀዳዳዎች እዚህም እዚያም ተበስተውበታል። አጎቷ ፊቱን እንደ መስታወት አድርገው ልገውታል። አናቱ ላይ ባለቀለበት ቡሎን ገብቶ፣ በቀለበቱ ሰንሰለት አልፎ፣ ብረቱ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። አጠገቡ ታላቅ ወንድሟ ቆሞ፣ ጡንቻውን አሳብጦ፣ ሰንሰለቱን ሳይሆን ብረቱን በክንዱ የያዘው ይመስል ጥርሱን ብልጭ አድርጓል። ወንድሟ ሜካኒክ ነው። ከፎቶው በኋላ ማከፋፈያውን ጭኖ ሄዷል፤ ፕሬሱ ላይ የሚያስረው እሱ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ሙከራ አለበት።

«በጣም ያምራል ጋሼ» ብላ ልትጽፍ ጀመረች። ጣቷ መሀል ላይ ቆመ።

ቡሎኑን አየችው። ያንን ቡሎን እሷ ወረቀት ላይ አላወረደችውም።

ለምን ክው እንዳለች የሚገባው ከሁለት ወር በፊት የሆነውን ለሚያውቅ ነው። በንድፍ ወረቀት ላይ ከፊት የሚታይ ጠርዝ በድፍን መስመር ይሠመራል። ከብረቱ ሆድ ውስጥ ያለው፣ ዓይን የማያገኘው፣ በተቆራረጠ መስመር ይሠመራል። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም ይሰጣል፤ የተቆራረጠውን አልፈልግም ያለው ሰው ግን በአንድ ጠቅታ ሊያጠፋው ይችላል። የዚያን ቀን አጎቷ አንድ ወረቀት ይዘው ወደ ንድፍ ክፍሉ በሚያወጣው ደረጃ ሥር ቆሙና ሁሉም እየሰማ ተጣሩ።

«አንቺ ልጅ! ይሄን ወረቀት ጉንዳን ወሮታል'ኮ። ከነዚህ ውስጥ የኔ ጉንዳን የቱ ነው?»

«ጋሼ፣ መነጽርዎን ያድርጉ እንጂ።»

«መነጽሬን አድርጌ ነው እንጂ ጉንዳን መሆኑን ያወቅሁት!»

ማሽን ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፤ ግን አሳዘኗት። አባታቸው ከሞተ ጀምሮ እሷንና ወንድሟን ያሳደጓቸው እኚህ ሰው ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን ታውቃለች፤ አንገታቸውን ቢቆርጧቸው እንደማያምኑም ታውቃለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ለእሳቸው ማሽን በሚሄድ ወረቀት ላይ የተቆራረጠውን መስመር ታጠፋላቸው ጀመር። በምትኩ ብረቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ሆዱ በድፍን መስመር የሚታይበት ሌላ እይታ ትጨምርበታለች። የዚህን የማከፋፈያውን ወረቀት ስታወጣ ግን ጊዜ አጠራት። በዚያ ቤት ለየማሽኑ የራሱ ወረቀት ነው የሚሄደው፤ ውስጥ ለውስጥ የሚያልፉትን ረጃጅም ቀዳዳዎች የሚበሳው ሌላ ማሽን፣ ሌላ ሰው ነው። አጎቷ የላዩን ፊት ብቻ ነው የሚሠሩት። «ለላዩ ፊት ሆዱን ማየት ምን ያደርግላቸዋል?» አለችና የተሰነጠቀውን እይታ ሳትጨምር ላከችው። ኃላፊዋም ሳያይ ፈረመበት።

አሁን ሞዴሉን ከፈተች። በፎቶው ላይ ቡሎኑ ያለበትን ቦታ በዓይኗ ለካች፤ ከቀኝ ጠርዝ ይህን ያህል፣ ከፊት ጠርዝ ይህን ያህል። ነጥቧን አስቀመጠችና ያጠፋችውን የተቆራረጠ መስመር መለሰችው።

መስመሩ በነጥቡ ሥር አለፈ። አጠገቡ ሳይሆን በትክክል በሥሩ።

ያ መስመር ተንጋዶ የሚሄደው ቀዳዳ ነው። ከግራ ጎን ዝቅ ብሎ ይገባል፤ ውስጥ ለውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ሄዶ፣ ቡሎኑ ያለበት ቦታ ሲደርስ ከላዩ ፊት ሠላሳ አምስት ሚሊ ብቻ ይርቃል። ላሜራው ላይ የሚወርደውን የፕሬሱን ራስ አንጠልጥሎ የሚይዘው ዘይት የሚመላለሰው በእሱ ነው። የፕሬሱ ራስ ደግሞ አራት ቶን ይመዝናል።

ወንድሟ ጋ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። ደግማ ደወለች። ወንድሟ ሥራ ሲጀምር ስልኩን ጃኬት ኪሱ ውስጥ ትቶ ጃኬቱን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ነው። ግድግዳው እየጠራ ነው ማለት ነው።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወረደች።

አጎቷ ማሽናቸውን በብሩሽ ይጠርጋሉ። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ። «አየሽው አይደል? ፊቱን ፀጉርሽን ብታበጥሪበት ያሳይሻል።»

«ጋሼ፣ ያንን ባለቀለበት ቡሎን ማን አስገባው?»

«እና በጥርሳችን እናንሳው? ሰማንያ ኪሎ ነው'ኮ ልጄ።»

«ወረቀቱ ላይ የለም።»

«መቼ ኖሮ ያውቃል?» ብሩሹን አስቀመጡ። «የማንሻ ቀዳዳ የባለማሽኑ ነው። ባዶ ቦታ ትፈልጊያለሽ፣ ሚዛኑን ታያለሽ፣ ትበሺያለሽ፣ ጥርስ ታወጪለታለሽ፣ አለቀ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነው የሠራነው። እኛን ያስተማሩንም እንዲሁ ነው የሚሠሩት።»

እርሳስ እዚያ ቤት ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ብረቶቹ በቀለበት ተንጠልጥለው ሲያልፉ ስንቴ አይታለች። ቀለበቱ በምን ገባ ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችም። ላይ ቤት ያለ ሰው አይጠይቅም፤ ታች ቤት ያለ ሰው ደግሞ የሚነገር ነገር ነው ብሎ አያስብም።

«ባዶ መሆኑን በምን አወቁ?»

«በወረቀትሽ ነዋ። እዚያ ጥግ ላይ አንድም መስመር የለም። ባዶ ሜዳ።»

«ምን ያህል ገቡ?»

«ሠላሳ።»

«የፑንታውን ጫፍ ጨምሮ?»

«የመብሻ ጫፍ መቼ ተቆጥሮ ያውቃል? ሠላሳው ቀዳዳው በሙሉ ስፋቱ የወረደው ነው፤ የሾለው ጫፍ ከሠላሳው በታች ነው።»

የሾለው ጫፍ አራት ሚሊ ይሆናል። ሠላሳ አራት ማለት ነው። በአጎቷ ቀዳዳና በዘይቱ ቀዳዳ መካከል የቀረው ብረት አንድ ሚሊ ነው።

ነገረቻቸው። አጎቷ መነጽራቸውን አወለቁ፣ በቱታቸው ጠረጉት፣ መልሰው አላደረጉትም።

«አይሆንም። የጎኑን ቀዳዳ አይቼዋለሁ። አፉ በቡሎን ቢደፈንም ቦታው ይታያል። ታች ነው።»

«አፉ ነው ታች ያለው ጋሼ። ውስጥ ሲገባ ወደ ላይ ይወጣል።»

«ወረቀቱ ላይ የለም።»

«የለም» አለች። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

አጎቷ ትኩር ብለው አዩዋት። ለምን እንዳጠፋችው አልጠየቁም። የተረዱት ይመስላል፤ ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰና ጠፋ።

ኃላፊው ጩኸት ሰምቶ ደረጃው ራስ ላይ ብቅ ብሎ ነበር። ወጣት ነው፤ ቁጥር ይወዳል። የሳፋ ፋብሪካው ቢሮ ጋ ደወለላት። ጸሐፊዋ አነሳች። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፎርማኑ፣ ማሽን ቤት እንደሆነ፣ ሲወጣ እንደምትነግረው ተናገረች። እርሳስ ስልኩን ከእጁ ነጠቀችው።

«እህቴ፣ ሲወጣ አይደለም፤ አሁን። ፕሬሱ ሥር ያለ ሰው እንዲወጣ ንገሪልኝ። ሰው ይሞታል!»

«ውይ! ቆዪ እሺ፣ ቆዪ» አለች ጸሐፊዋ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። ከዚያ የጫማ ኮቴ፣ ከዚያ በር፣ ከዚያ ከሩቅ የላሜራ ኳኳታ። የሚመለስ ሰው አልነበረም።

«እርግጠኛ ነሽ ግን?» አለ ኃላፊው። «አንድ ሚሊ ብረት እኮ ቀላል አይደለም። ሙከራው በስንት ባር ግፊት ነው? ሦስት መቶ? ቆይ ላስላው።»

«አስላና ደውልልኝ» አለችው። አጎቷ የፒካፓቸውን ቁልፍ ይዘው በሩ ጋ ደርሰዋል።

መንገዱ ሃያ ደቂቃ ነው። አጎቷ በሕይወታቸው ጥሩምባ የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ዛሬ እጃቸውን ከጥሩምባው ላይ አላነሱም። እርሳስ ከመውረዷ በፊት ያተመችውን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ይዛለች፤ ከተቆራረጠ መስመሩ ጋር ነው ያተመችው። በየሁለት ደቂቃው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጃኬት ጋ ትደውላለች።

«ሲያስረው ፕሬሱ ሥር ይገባል?» አሉ አጎቷ።

«ቱቦዎቹ ከሥር ናቸው። ዘይት የሚያንጠባጥብ እንዳለ የሚያየው ተኝቶ ነው።»

«የግንድ ድጋፍ ከሥሩ ያቆማል። ሁልጊዜ ድጋፍ እንዲያደርግ ነግሬዋለሁ።»

«ለሙከራ የፕሬሱ ራስ ሲወርድና ሲወጣ ድጋፉን ያነሱታል ጋሼ።»

አንድ መታጠፊያ አለፉ።

«ሠላሳ ዓመት» አሉ ኋላ፤ ለእሷ ሳይሆን ለመስታወቱ። «ስንት ብረት ነው በባዶ ቦታ የበሳሁት? ስንቱስ ባዶ አልነበረም?»

ከፊታቸው አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ፍራሽ ያወርዳል። ሁለት ሰዎች አንድ ፍራሽ ይዘው፣ ጊዜ እንደ አሸዋ የተረፋቸው ይመስል፣ በየት በኩል ይግባ ብለው ይከራከራሉ። አጎቷ ጥሩምባውን ነፉ። ከሰዎቹ አንደኛው ዞሮ «አባቴ፣ ከቸኮሉ ፍራሹ ላይ ዘለው ይለፉ!» አለ። የፋብሪካው በር ከዚያ ይታያል። ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። እርሳስ በሩን ከፍታ ወረደችና እግሯን ነቅላ ሮጠች። ለአምስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀርቷል።

በሩ ላይ ዘበኛው እጁን ዘረጋ።

«ስም፣ የመጡበት ጉዳይ፣ የገቡበት ሰዓት» አለ መዝገቡን እየገፋ።

«ወንድሜ ውስጥ ነው! ፕሬሱ ይወድቅበታል!»

«ይሁን እሺ፣ ይጻፉት።» ከዚያ ወደ እግሯ አየ። «ደግሞ በነጠላ ጫማ ማሽን ቤት መግባት ክልክል ነው። እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

ከክርክሩ ይልቅ ጫማው ይቀላል። ከዘበኛው ወንበር ሥር የተቀመጠውን ቡትስ ጫማ ሳትጠይቅ ጎትታ እግሯን ከተተችበት። አንዱ ጫማ ብቻውን ሁለት እግሯን ይይዛል። «ኧረ የኔ ነው! ሴትዮ!» እያለ ዘበኛው መዝገቡን እንደያዘ ተከተላት። እርሳስ እንደ ዳክዬ እየተንገዋለለች፣ ጫማው እየተንኳኳ፣ በማሽን ቤቱ በር ገባች።

ውስጡ ጆሮ ያደነቁራል። ሠራተኞቹ በተደረደሩ ሳፋዎች መካከል ቆመው ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ፕሬሱ የግድግዳ ያህል ይረዝማል። ራሱ ወደ ላይ ተሰቅሏል። ፎርማኑ፣ ደንደን ያለ ሰው፣ ከመቆጣጠሪያው አጠገብ ቆሞ የግፊት መለኪያውን ያነባል። በጎን በኩል አዲሱ ማከፋፈያ ታስሮ፣ አናቱ ላይ ባለቀለበቱ ቡሎን እንዳለ፣ ያብረቀርቃል። ከፕሬሱ ራስ ሥር ደግሞ ሁለት እግር ይታያል።

ድጋፍ የለም።

መጀመሪያ ያየችው ቀዩን ማቆሚያ ነው። እጇን ሰደደች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ቢቆም የተሰቀለው ራስ በምን ይያዛል? ማከፋፈያው ውስጥ በተዘጋው ዘይት ብቻ ነው የሚንጠለጠለው። ፓምፑ ሲቆም ዘይቱ ቀዳዳውን አንዴ ይመታዋል፤ ያንን ምት የሚቀበለው አንድ ሚሊ ብረት ነው። መጀመሪያ ሰውየው ይውጣ።

«ወንድም ጋሼ!» ጮኸች። የገዛ ድምጿን ራሷ አልሰማችውም። ፎርማኑ ዞሮ አያትና በእጁ «ራቂ» አላት።

ተንበረከከች። አንዱን እግር በሁለት እጇ ያዘችና ጎተተች። እግሩ ረገጣት፤ ቀልድ መስሎታል። ደግማ ያዘችው፤ በክብደቷ ሁሉ ወደ ኋላ ተዘረጋች። ወንድሟ በጀርባው እየተንሸራተተ በወገቡ፣ በደረቱ፣ በመጨረሻ በዘይት በተለቀለቀ ፊቱ ወጣ።

«እግሬን ልትነቅይው ነው እንዴ?» አለ ተቀምጦ። ከዚያ ማን እንደሆነች ለየና ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። «ምነው? ጋሼ ምን ሆኑ?»

«ጋሼ ደህና ናቸው። ተነስ። ከዚያ ራቅ።»

«አንድ ቡሎን ነው'ኮ የቀረኝ።»

«ተነስ አልኩህ!»

ተነሳ። ታናሽ እህቱ እንዲህ ስትጮህበት ሰምቶ አያውቅም። ፎርማኑ ፓምፑን ሊያጠፋ ሲል እጁን ያዘችው፤ ድጋፍ መጀመሪያ እንዲገባ በምልክት አሳየችው። ሁለት ወፍራም ግንድ ተንከባሎ ከራሱ ሥር ቆመ። ከዚያ ፓምፑ ቆመና ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥታው ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራ ነበር።

ወረቀቱን ዘርግታ አሳየቻቸው። ወንድሟ በዘይታማ ጣቱ የተቆራረጠውን መስመር ተከተለው።

«አንድ ሚሊ» አለ ፎርማኑ፤ ጸሐፊዋ ቅድም በማሽኑ ጩኸት መሀል ልትነግረው የሞከረችው አሁን ነው የገባው። «ይሄን ያለው ማን ነው?»

«ሞዴሉ።»

«ሞዴሉ ብረቱን አልበሳውም። የበሳው ሰው ሠላሳ ብሎ ሃያ ስምንት ቢበሳስ? ማሽኔ ቆሟል፤ ሃያ ሠራተኛ ቆሟል። በወረቀት ብቻ ይሄን ፈትቼ አልመልስም።»

«አሁን ድጋፍ አለው» አለ ወንድሟ። ድምፁ እንደ ወትሮው ሊቀልል ይሞክራል። «ሰው ሁሉ ይራቅና ግፊቱን ሙሉ እንስጠው። ከያዘ ያዘ። ካልያዘም እናየዋለን።»

ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዘበኛው ሳይቀር መዝገቡን ደረቱ ላይ አድርጎ ከሳፋዎቹ ጀርባ ቆመ። ፓምፑ ተነሳ። የመለኪያው ቀስት መቶ ደረሰ። መቶ ሃምሳ። ሁለት መቶ። እርሳስ ወንድሟን በቱታው ቀበቶ ይዛዋለች፤ መያዟን አላወቀችውም። ሁለት መቶ ሃምሳ። አጎቷ ፒካፓቸውን ከፍራሾቹ አላቅቀው ኖሮ በዚህ መሀል ገቡ። አንድም ቃል ሳይናገሩ አጠገቧ ቆሙ። ሦስት መቶ።

ቀስቱ ሦስት መቶ ላይ ቆመ። ፎርማኑ ሰዓቱን አየ። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ቀስቱ እንደ ጅብራ ተገትሯል።

ስልኳ እጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ኃላፊው የላከው መልእክት ነው። «አስላሁት። ይይዛል።»

ወንድሟ በትከሻዋ ላይ አጎንብሶ አነበበው። «አየሽ እህትዬ? በከንቱ ነው እግሬን ያስረዘምሽው» አለና ሳቀ። ከሠራተኞቹም የሳቁ ነበሩ። ፎርማኑ ጣቱን ወደ ማጥፊያው ሰደደ። የእርሳስ ጆሮ በእፍረት ጋለ። ይሄን ሁሉ ሰው አቁማ፣ የሰው ጫማ ነጥቃ፣ ሮጣ...

«ቆይ» አሉ አጎቷ። ለፎርማኑ ነው። «ቀስቱን እዩት።»

ቀስቱ ሦስት መቶ ላይ አልነበረም። ከሦስት መቶ በታች የፀጉር ያህል ወርዷል። ዓይናቸው የደከመው አጎቷ ቀድመው አዩት፤ ሌላው ወደ ስልኩና ወደ እሷ ሲያይ እሳቸው ከቀስቱ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም ነበር።

«የቱቦ ጥርስ ይሆናል» አለ ፎርማኑ። «አዲስ ዕቃ ትንሽ ያልባል።»

«የት ነው ያላበው?» አሉ አጎቷ። «ከቱቦዎቹ የትኛው ነው ያላበው? ሁሉም ደረቅ ነው።» እጃቸውን ወደ ማከፋፈያው አናት ዘረጉ። «ያላበው የኔ ቡሎን ነው።»

በቀለበቱ አንገት ዙሪያ ብረቱ እርጥብ ነበር። ቀጭን፣ እንደ ክር የሆነ ዘይት በመስታወቱ ፊት ላይ ወረደ። በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት የሚባል ነገር ሊኖር አይገባም፤ ቀዳዳው ለሰንሰለት እንጂ ለዘይት አልተበሳም።

ማንም አልሳቀም።

«አጥፋው» አሉ አጎቷ ለፎርማኑ። «በዝግታ። መጀመሪያ ራሱን ግንዱ ላይ አሳርፈው፣ ከዚያ ግፊቱን ልቀቅ።»

ራሱ ግንዱ ላይ ሲያርፍ ግንዱ አቃሰተ። ወንድሟ ያንን ድምፅ ሲሰማ ከሳፋ ክምሩ ላይ ተቀመጠ። የውኃ ኮዳውን አነሳ፤ ክዳኑን ሊከፍት ሞከረ፤ አልሆነለትም። እርሳስ ተቀብላ ከፈተችለት።

«የማን ጥፋት ነው ታዲያ ይሄ?» አለ ፎርማኑ።

«ቀዳዳው የኔ ነው» አሉ አጎቷ።

«መስመሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች እርሳስ።

«ጥፋት ትሻማላችሁ እንዴ እናንተ ቤት?» ፎርማኑ ራሱን ነቀነቀ። «ፈታችሁ ውሰዱልኝ። ሌላው ሲመጣ ግን እኔ ራሴ ሆዱን ሳላይ እዚህ አይታሰርም።»

ማከፋፈያውን ፈትተው ሲመለሱ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ቡሎኑን የሚያምነው ስላልነበረ በቀለበቱ አላነሱትም፤ ለአራት ሆነው በጨርቅ ታቅፈው ጫኑት፣ ታቅፈው አወረዱት። አጎቷ የብረት መጋዙ ላይ አስቀመጡት።

«ምን ልታደርጉት ነው?» አለ ኃላፊው። የስሌቱን ወረቀት እንደያዘ ነው። «በአንድ ጎኑ ቢጠገን...»

«ልሰነጥቀው ነው» አሉ አጎቷ። «እሷ በወረቀት ልትሰነጥቅልኝ ስትል ጊዜ ያጠራትን እኔ በመጋዝ እሰነጥቀዋለሁ።»

መጋዙ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ማንም ከአጠገቡ አልሄደም። ነጩ የማቀዝቀዣ ውኃ ይፈሳል፣ ምላጩ ይመጣል ይሄዳል። በመጨረሻ ግማሹ ዘመም ብሎ ወደ ጎን ወደቀ፤ የብረቱ ሆድም ተከፈተ። ከላይ የአጎቷ ቀዳዳ በሾለ ጫፉ ወርዷል። ከሥሩ የዘይቱ ቀዳዳ ተንጋዶ ያልፋል። በሁለቱ መካከል የአውራ ጣት ጥፍር የማይሞላ ብረት ቀርቷል፤ በእሱም ላይ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወርዶበታል።

ወንድሟ ጥፍሩን ስንጥቁ ላይ አስቀመጠ። ረጅም ጊዜ አላነሳውም።

«ይሄን ነው እላዬ ላይ የሰቀላችሁት?» አለ። ሊቀልድ ነበር፤ ድምፁ ግን መሀል ላይ ተሰበረ።

«አዎ» አሉ አጎቷ። «ይሄን ነው።»

ወንድሟ ጥፍሩን አነሳና እጁን ሊታጠብ ወጣ። ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማ ነበር።

እርሳስ ወደ ላይ ወጥታ ሞዴሉን ከፈተች። ወረቀቱን ከመጀመሪያው ጀመረች። ለአጎቷ ማሽን የተቆራረጠውን መስመር መለሰችው፤ ከጎኑ የተሰነጠቀውን እይታ አስቀመጠች። ፊደላቱንና ቁጥሮቹን እጥፍ አሳደገቻቸው። በዚህ መሀል ደረጃው ተንቋቋ። አጎቷ ሠላሳ ዓመት በሠሩበት ቤት የንድፍ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጠው አያውቁም ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ቱታቸውን ሰበሰቡ፣ ከኪሳቸው ያንኑ አሮጌ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ።

«እስቲ ሆዱን አሳዪኝ» አሉ።

ብረቱን ስክሪኑ ላይ እንደ ውኃ ውስጡ የሚታይ አደረገችው። ቀዳዳዎቹ ውስጡ ተጋድመው፣ ተሻግረው፣ ተንጋደው ታዩ። አጎቷ ወደ ስክሪኑ ቀረቡ፤ ትንፋሻቸው መስታወቱን አደበዘዘው።

«ይሄ ሁሉ ነበር ውስጡ?»

«ይሄ ሁሉ ነበር።»

ጣታቸውን በአንድ ጥግ ላይ አሳረፉ። «የማንሻው ቀዳዳ እዚህ ቢሆንስ?»

«እዚያ ሥር አንድ አለ ጋሼ።»

«እዚህስ?»

«እዚያም አለ።»

ጣታቸው ቀስ እያለ ወደ መሀል ሄደ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ በአንድ ቦታ ቆመ።

«እዚህስ?»

እርሳስ ለካች። ከሁሉም ቀዳዳ ሃያ ሚሊ ይርቃል። ደግማ ለካች፤ የመብሻውን ጫፍም ቆጠረችው።

«እዚያ ይሆናል።»

«ጻፊው እንግዲህ» አሉ አጎቷ። «በድፍን መስመር።»